ኮሞዶር 64 ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ራም ቺፕ ጅማ ውስጥ የት ይገኛል?

የቆጪ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁም። አባዬ በ1979 ዓ.ም. ከጀርመን ሲመለስ ይዞት የመጣ ኮሞዶር 64 የሚባል የድሮ ኮምፒውተር ቤታችን አለ። እሱ ካረፈ በኋላ ለዓመታት ቁም ሳጥን ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት አወረድኩት። አቧራውን ጠርጌ ከድሮው ቴሌቪዥናችን ጋር አገናኘሁት። ቀይዋ መብራት በራች። ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ጽሑፍ የለም፣ ድምፅ የለም።

ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ብዙ ሰው የተበላሸው ራም፣ ማለትም የማስታወሻ ቺፑ ነው ይላል። ከፍቼ አየሁት፤ 4164 የሚል ቺፕ 8 ፍሬ አለው። ሁሉም በቀጥታ ቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው፣ ሶኬት የላቸውም። እዚህ ጅማ መርካቶ ያሉትን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አዳረስኩ። ቁጥሩን ያወቀልኝ የለም።

ለምን እንደምደክም ልንገራችሁ። ከማሽኑ ጋር አንድ ካሴት አለ። በአባዬ እጅ ጽሑፍ «የቡና ሂሳብ» ይላል። ያኔ ቡና ይገዛ ለነበረ ዘመዳችን ፈረሱላን ወደ ኪሎ የሚቀይር ፕሮግራም ጽፎ እንደነበር እማዬ ትናገራለች። እሱን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። 8ቱንም ራም ከውጭ ላዝዝ ነው ያሰብኩት። ከማዘዜ በፊት ግን እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

ሶልደር ጅማ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:48

እህቴ፣ አታዢ። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ከማሽኑ ንቀይው፤ አሁኑኑ። መልሰሽም እንዳትሰኪው።

ያ ከባድ ሳጥን ውስጡ በደረቀ ሙጫ የተሞላ ነው። ሙቀት መውጫ የለውም። እያረጀ ሲሄድ 5 ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ይበላሻል። ያኔ 5ቱ 6 ይሆናል፣ 7 ይሆናል፣ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ቀድሞ የሚሞተው ራም ነው። ስለዚህ 8 አዲስ ራም ብታስገቢ 8ቱንም ያቃጥልብሻል።

ቮልት የሚለካ ቴስተር ያለው ሰው ፈልጊ። ክቡ መሰኪያ 7 እግር አለው። ብዙ ጊዜ ቁጥሮቹ በጥቃቅኑ አጠገባቸው ተጽፈዋል። 2 መሬት ነው፣ 5 ደግሞ +5 ቮልት። በእነዚህ መሀል ለኪ። ከ5.25 ካለፈ ያ ሳጥን ሥራው አብቅቷል። 6 እና 7 መሀል ደግሞ 9 ቮልት ኤሲ መኖር አለበት።

የቆጪ ልጅ | እሁድ፣ ከቀኑ 9:30

ሰፈራችን ያለ ሞባይል ጠጋኝ ለካልኝ። 6.9 ይላል። ሁለቴ ለካነው፣ ያው ነው። 9 ቮልቱ ደህና ነው።

አሁን በጣም ከፍቶኛል። እኔ ነኝ በገዛ እጄ የገደልኩት?

የሬዲዮ ሰው | እሁድ፣ ከምሽቱ 1:05

ልጄ፣ አንቺ አልገደልሽውም። ያ ሳጥን ከመቀመጡ በፊትም ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ፈረንጅ አራዳ ሱቅ ይዤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ስንት ዓመቴ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚቃጠለውን ዕቃ ስንቱን አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ሳጥን ከፍቶ መጠገን አይቻልም፤ ሙጫው አያስነካም። አዲስ ነው የሚሠራለት።

ሁለት ነገር ነው የሚያስፈልግሽ። አንደኛው ከ220 ወደ 9 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው፤ 1 አምፔር ቢያንስ የሚሰጥ። ሁለተኛው ጥሩ 5 ቮልት ነው፤ 2 አምፔርና ከዚያ በላይ። ርካሽ የስልክ ቻርጀር አይሆንም። ጭነት ሲያርፍበት ቮልቱ ይዋዥቃል።

9 ቮልቱን አትናቂው። ማሽኑ ለድምፅና ለምስል ቺፑ የሚሰጠውን 12 ቮልት የሚያወጣው ከእሱ ነው። እሱ ከሌለ 5ቱ ትክክል ቢሆንም ስክሪኑ ጥቁር ነው።

220 ያለበትን በኩል ግን አንቺ እንዳትነኪው። ይዘሽው ነይ፣ እኔ ከነፊውዙ እሠራልሻለሁ።

የቆጪ ልጅ | እሁድ፣ ከምሽቱ 1:20

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። እስዎ የሚያውቁት ትራንስፎርመር ካለ ንገሩኝና ገዝቼ ልምጣ።

ሸገር ቺፕ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:12

ከአዲስ አበባ ነኝ። ለምን ትደክማላችሁ? ሙሉ የቺፕ ጥቅል ኦንላይን ይሸጣል። ፕሮሰሰሩ፣ የድምፁ ቺፕ ሲዱ፣ የምስሉ ቪኩ፣ ራሙ፣ ሁሉም። አንዴ ታዢና ሁሉንም ቀይረሽ ትገላገያለሽ።

ሶልደር ጅማ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7:40

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን በዝርዝር ልጻፍ፤ ሌላ ሰውም ይጠቅመዋልና።

ኮሞዶር 64 ውስጥ ያሉት ቺፖች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ዓይነት ኮሞዶር ራሱ ያሠራቸው ናቸው። ሞስ ቴክኖሎጂ የሚባለውን የቺፕ ፋብሪካ ኮሞዶር በ1976 እ.ኤ.አ. ገዝቶት ነበር። ፕሮሰሰሩ 6510፣ የምስል ቺፑ ቪክ 2፣ የድምፁ ሲድ፣ ኪቦርድ፣ ጆይስቲክና ሌሎች መሰኪያዎችን የሚቆጣጠሩት ሁለቱ 6526፤ እነዚህ የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። ኮሞዶር በ1994 እ.ኤ.አ. ከሰረ። ዛሬ አዲስ ነው ተብሎ የሚሸጥ 6581 ሲድ ካያችሁ ወይ ድሮ ተቀምጦ የቆየ ነው፣ ወይ ከሌላ ማሽን የተነቀለ ነው፣ ወይም የተጭበረበረ ነው።

የተጭበረበረው ብዙ ነው። ሌላ ቺፕ ይወስዱና ላዩን ፍቀው በላዩ ላይ 6581 ብለው ያትሙበታል። እኔ አንድ ደርሶኝ ያውቃል። ጥጥ በአሴቶን ነክሬ ስጠርገው ጽሑፉ ከነቀለሙ ወጣ። ከሥሩ የመፋቂያው ጭረት ታየ። ሻጩም ድምፁን አጠፋ።

ሌላም አለ። ቪክ 2 የጀርመን ማሽን ላይ 6569 ነው፣ ፓል ለሚባለው የአውሮፓ ቴሌቪዥን ሥርዓት የተሠራ ማለት ነው። የአሜሪካው 6567 ነው። በስህተት የአሜሪካውን ብትገዢ አይሆንሽም። ሲድ 6581 በ12 ቮልት ይሠራል፣ በኋላ የመጣው 8580 በ9። እግራቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ቀይሮ መሰካት ማቃጠል ነው። 6510ን ደግሞ በ6502 መተካት አይቻልም። የ6502 ዝርያ የሆነው 65ሲ02 ዛሬም በአዲስነት ይመረታል፣ ግን 6510 ውስጥ ያለው ተጨማሪ የግቤትና ውጤት በር የለውም። ኮሞዶር 64 የትኛው ሮም (ቋሚ ፕሮግራም የያዘ ቺፕ) የት እንደሚታይ የሚወስነውና ካሴቱን የሚያዘው በዚያ በር ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ቺፕ ግን ዓለም ሁሉ የተጠቀመበት ነው። ራሙ 4164፣ 74ኤልኤስ257፣ 7406፣ 4066፣ 556። እነዚህ ለኮሞዶር ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ሌላ ዕቃ ውስጥ አሉ። ፕሮሰሰሩ ሞተ ከማለታችን በፊት እነዚህን እንፈትሽ። እነዚህን ደግሞ ለማግኘት ከጅማ መውጣት አያስፈልግም።

ሸገር ቺፕ | ሰኞ፣ ከቀኑ 8:05

ስለ ሲዱ ልክ ነህ፣ እኔም በአሁን ዘመን የተሠራ ምትክ ነው ያስገባሁበት። አርምሲድ ይባላል። ግን 4164 ጅማ ውስጥ ከየት ይመጣል? እኔ እዚህ ምናለሽ ተራን ስንት ጊዜ ዞሬ ያገኘሁት ሁለት ፍሬ ነው።

ሶልደር ጅማ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

4164 ብለህ ከፈለግክ አታገኝም። 41256 ብለህ ፈልግ።

41256 የ4164 ታላቅ ወንድም ነው። 64 ሺህ ቢት ሳይሆን 256 ሺህ ቢት ይይዛል። 16 እግር፣ ያው 5 ቮልት፣ የእግሩ አቀማመጥ አንድ ነው። ልዩነቱ እግር 1 ላይ ብቻ ነው። 4164 ላይ እግር 1 ባዶ ነው። 41256 ላይ ተጨማሪው የአድራሻ መስመር ነው። ስለዚህ እግር 1ን በቀጭን ሽቦ ከእግር 16 ጋር፣ ማለትም ከመሬት ጋር ታገናኘዋለህ። ማሽኑ ሩቡን ብቻ ስለሚጠቀም ቀሪው ቦታ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ራም የያዘውን እንዳይረሳ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ሪፍሬሽ ይባላል። አንዳንዱ ሰው «ሪፍሬሽ አይበቃውም» ይላል። ይበቃዋል። 41256 በ4 ሚሊሰከንድ ውስጥ 256 ረድፍ መታደስ አለበት። ቪክ 2 በእያንዳንዱ የምስል መስመር 5 ረድፍ ያድሳል። አስሉት፤ 256ቱን በ3.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጨርሳል።

ታዲያ 41256 የት አለ? የድሮ ኤክስቲና 286 ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ። ከመሥሪያ ቤትና ከትምህርት ቤት ዕቃ ቤት የሚወጣው ያ ትልቅ ቦርድ። ምልክቱን ልንገርህ። ትናንሽ ጥቁር ቺፖች በ9 በ9 ተደርድረው ታያለህ። 8ቱ ዳታ ነው፣ 9ኛው ስህተት መቆጣጠሪያ። ብዙዎቹ ሶኬት ላይ ናቸው፣ ብየዳ ሳትነካ በጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ ታነሳቸዋለህ። መጨረሻው ላይ ያለው ቁጥር ፍጥነቱ ነው። 15 ማለት 150 ናኖሰከንድ፣ 12 ማለት 120። ለኮሞዶር 150ም 120ም ይሆናል።

እኔ የመጨረሻውን ቦርድ ያገኘሁት ሂርማታ ገበያ አጠገብ ከአንድ ቆራሌው ነው። በጆንያ ውስጥ ከመኪና ራዲያተር ጋር ተጭኖ ነበር። እሱ የሚፈልገው መዳቡንና አልሙኒየሙን ነው። ቦርዱ ለእሱ ሸክም ነው። «አረንጓዴ ቦርድ ስታገኝ አትስበረው፣ እኔ እወስደዋለሁ» አልኩት። አሁን በወር አንዴ ራሱ ይደውልልኛል። 36 ቺፕ ከአንድ ቦርድ ወጣ። 33ቱ ይሠራሉ።

የጅማን ክረምት ግን አትርሱ። ቦርዱ እርጥበት ቤት ቆይቶ ከሆነ የቺፑ እግር ጥቁር ሆኖ ይመጣል። ጥቁር እግር ሶልደር አይዝም፣ ሶኬትም ውስጥ አይነካም። በእርሳስ ላጲስ ቀስ እያልክ ፈትገው፣ ብር መሳይ እስኪሆን።

አጋሮ 48 | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:00

ስለ ራም ካነሳችሁ፣ እኔ ሲንክሌር ስፔክትረም 48 የሚባል የድሮ ኮምፒውተር አለኝ። ታችኛዎቹ 8 ራሞች 4116 ናቸው። 4164 ልሰካበት?

ሶልደር ጅማ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:25

እንዳትሰካ! 4116 ሦስት ቮልት ነው የሚፈልገው፤ +12፣ +5 እና -5። እግር 8 ላይ 12 ቮልት አለ። 4164 እዚያው እግር ላይ 5 ቮልት ነው የሚጠብቀው። ሰክተህ ስታበራው በዚያው ቅጽበት ይሞታል። መንገዶቹ ተቆርጠው እንደገና መያያዝ አለባቸው። ከዚያ በፊት ግን -5ቱና 12ቱ መኖራቸውን ለካ። ስፔክትረም ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቲአር4 የሚባለው ትራንዚስተር ነው። እሱ ሲሞት ራሙን ይዞ ይሞታል። ለስፔክትረም ብቻ ሌላ ክር ክፈት፣ ብዙ የምናወራው አለ።

ሊሙ ገነት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:50

ለአጋሮው ወንድሜ አንድ ነገር ልጨምር። የስፔክትረም ፕሮሰሰር ዜድ80 ነው። ዚሎግ የድሮውን ባለ 40 እግር ዜድ80 ማምረት እንደሚያቆም በ2024 እ.ኤ.አ. አስታውቆ የመጨረሻ ትዕዛዝ ተቀብሏል። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመረት የቆየ ቺፕ ነው። ስለዚህ ያገኘህ ቀን ሁለት ያዝ።

እኔ ያለኝ ኬሲ 85 የሚባል የምሥራቅ ጀርመን ኮምፒውተር ነው። በደርግ ጊዜ እዚያ ተምሬ ስመለስ ነው ያመጣሁት። የእሱ ፕሮሰሰር ዩ880 ይባላል፣ የዜድ80 ቅጂ ነው። ሲሞትብኝ ዜድ80 ተካሁበት፣ ያለ ችግር ሠራ። ግን አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ቺፑ ሶኬቱ ውስጥ አልገባ አለኝ። የእነሱ ሶኬት በእግርና በእግር መሀል 2.5 ሚሊሜትር ነው። የምዕራቡ 2.54 ነው። በአንድ እግር ምንም አይደለም። ባለ 40 እግር ቺፕ ግን በአንድ ጎን 20 እግር አለው። ጫፉ ላይ ስትደርስ ሦስት አራተኛ ሚሊሜትር ይዛነፋል። የዳር እግሮቹን በትንሹ ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርጌ ነው ያስገባሁት።

የሬዲዮ ሰው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ልጅቷ መጥታ ነበር። ፓወር ሰፕላዩን አብረን ሠራን። ጭነት ላይ ሆኖ 5.05 ይላል። ማሽኑን ከሰካን በኋላ ግን ስክሪኑ አሁንም ጥቁር ነው። ራሞቹን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኳቸው። ሰባቱ ለብ ያሉ ናቸው። አንዷ ጣት አታስቀምጥም።

ሶልደር ጅማ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:55

ጋሼ፣ ያቺ ናት! ግን አንድ ብቻ ላትሆን ትችላለች። ለዚህ የሚሆን የመሞከሪያ ካርትሪጅ አለኝ። ራም ሙሉ በሙሉ ባይሠራም የሚነሳ ነው። ከድሮ ማዘርቦርድ ላይ የነቀልኩት 2764 ኢፕሮም (በብርሃን ጠፍቶ እንደገና የሚጻፍበት ቺፕ) ላይ የጻፍኩት ነው። ማጥፊያ መብራት ስላልነበረኝ፣ የመስታወት መስኮቷን ተለጣፊ ልጬ ጥር ላይ ጣራ ላይ አስቀመጥኩት። ጠንካራ ፀሐይ ላይ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። በክረምት ግን አይታሰብም።

ካርትሪጁ ስክሪኑን ነጭ እያደረገ ብልጭ ብልጭ ይላል። ስንት ጊዜ እንዳለ ትቆጥራላችሁ፣ ቁጥሩ የትኛው ራም እንደሆነ ይነግራችኋል። ብልጭታ ከታየ ደግሞ ሌላ ደስታ አለው። ፕሮሰሰሩ፣ ቪኩና የትኛው ቺፕ መቼ እንደሚሠራ የሚመርጠው ፒኤልኤ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ነገ ይዤው እመጣለሁ፣ 41256ቶቹንም ጭምር።

የቆጪ ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:15

ትናንት ጋሼ ሱቅ ተሰበሰብን። ካርትሪጁን ሰካነው። ጥቁሩ ስክሪን ነጭ ሆነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ቆመ። እንደገና አምስት። ቦርዱ ላይ ዩ10 የሚባለው ራም ነው፤ ጋሼ በጣታቸው ያገኟት ራሷ ናት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቺፑን ለማውጣት ሶልደር አልተቻኮለም። መጀመሪያ 16ቱንም እግሮች በትንሽ መቁረጫ ከቺፑ ሥር ቆረጣቸው። ጥቁሩ አካል ብቻውን ወደቀ። ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ እያሞቀ በመቆንጠጫ ሳባቸው። ቺፑ የሞተ ስለሆነ አያሳዝንም፤ ቦርዱ ላይ ያለው የመዳብ መንገድ ግን ከተነሳ መመለሻ የለውም አለኝ። ቀዳዳዎቹን በመምጠጫ አጸዳ። ሶኬት በየደ። 41256ቱን እግር 1 ከ16 ጋር በፀጉር በምትመስል ሽቦ አገናኝቶ ሰካው።

ካርትሪጁን አውጥተን አበራነው። ሰማያዊ። ማሽኑ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ የሚጽፈውን የነፃ ማስታወሻ ቁጥር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ 38911። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ሸገር ቺፕ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:22

እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ። በአንድ ቺፕ! እኔ ሙሉ ጥቅል እዘዢ ብዬሽ ነበር፤ የሶልደር ምክር ይሻላል። ካሴቱስ?

የቆጪ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:40

ካሴቱ ሁለት ቀን ፈጀ። ማጫወቻው ውስጥ ያለው ላስቲክ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ተጣብቋል። ጋሼ በአልኮል ጠርገው ከድሮ ቴፕ የወጣ ላስቲክ ገጠሙለት። የሚያነበውን ጭንቅላትም በጥጥ አጸዱት።

ዛሬ ቤት ሞከርኩት። እማዬ አጠገቤ ነበረች። ፕሌይ ስጫን ስክሪኑ ጽሑፉን አጥፍቶ ባዶ ሆነ። ደነገጥኩ፤ ከዚያ ጋሼ «ካሴት ሲያነብ ስክሪኑ ይጠፋል፣ እንዳትነኪው» ያሉኝ ትዝ አለኝ። ጠበቅን። እማዬ ቡና አቀረበች፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ ስክሪኑ ተመለሰ።

በላቲን ፊደል ነው የጻፈው። ከላይ የአባዬ ስም አለ። ከሥሩ «ፈረሱላ ስንት?» ይላል። 10 ብዬ ጻፍኩ። «170 ኪሎ» አለ። ከዚያ «ዋጋ በፈረሱላ?» ብሎ ጠየቀ። እማዬ «ያኔ ስንት ነበር?» ብላ ማስታወስ ጀመረች።

ጋሼ፣ ሶልደር፣ ነገ ከሰዓት ቤት ኑልኝ። የካሴቱን ቅጂ ዛሬ ማታ በሌላ ካሴት ላይ አወጣለሁ። ባዶ ካሴት ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ፣ ሦስት እፈልጋለሁ።

የሬዲዮ ሰው | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11:02

ሱቅ ውስጥ አምስት አለኝ፣ ፕላስቲኩ ያልተከፈተ። ይዤ እመጣለሁ።